ጽሑፍዎ ከአንባቢው እንዲደርስ፦ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በኤክስ የማስተዋወቅ አሠራር

አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ አንብቦና ጠይቆ የጻፈውን ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከዚያም ፌስቡክ ላይ «አዲስ ጽሑፍ ወጥቷል፤ ሊንኩን ተጭነው ያንብቡ» ብሎ ይለጥፋል። ጥቂት ወዳጆቹ ላይክ ያደርጉለታል፤ ሊንኩን የሚከፍተው ከእነሱም ያንሳል። በማግስቱ ጽሑፉ ተረስቷል። በአማርኛ ስንት ጠቃሚ ነገር ተጽፎ ፈላጊው ሳያገኘው የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው፤ ያሳዝናል፤ ደግሞም ሊስተካከል የሚችል ነው።

ይህ መመሪያ የራሱ ድረ ገጽ ኖሮት በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ «እንጀራዬ ለምን ዓይን አያወጣም?» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አዘጋጅተዋል እንበል። ስለ ሊጥ አቦካክ፣ ስለ አብሲትና ስለ ምጣድ ሙቀት ያስረዳል።

1. ሊንኩን አስቀድመው ያሰናዱ

ወርድፕረስን የመሳሰሉ የድረ ገጽ መሥሪያዎች የጽሑፉን አድራሻ ከርዕሱ ላይ በራሳቸው ያወጣሉ። ርዕሱ አማርኛ ከሆነ አድራሻውም አማርኛ ይሆናል። ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይዘረገፋል። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ሦስት ባይት ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በአድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክትና በሁለት የላቲን ፊደላት ወይም አኃዞች ይጻፋል። «እንጀራ» የምትለው ባለ አራት ፊደል ቃል ብቻዋን 36 ምልክት ትሆናለች። ወርድፕረስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ፣ ረዘም ያለ የአማርኛ ርዕስ ሃያ ሁለተኛው ፊደል አካባቢ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ሊንክ ያየ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥረው በእጅዎ ይጻፉት፤ ለእኛ ምሳሌ «እንጀራ» እና «ዓይን» የሚሉትን ቃላት በሰረዝ አያይዞ መጻፍ ይበቃል። ርዕሱ ራሱ አማርኛ ሆኖ ይቆያል። ይህን ግን ጽሑፉን ከማውጣትዎ በፊት ያድርጉት፤ አድራሻ በኋላ ሲቀየር ቀድሞ የተጋራው ሊንክ ሊበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ ሊንኩ ሲለጠፍ አብሮት የሚመጣውን ፎቶግራፍ፣ ርዕስና አጭር መግለጫ ያዘጋጁ። ይህ መረጃ የሚነበበው ፌስቡክ በ2010 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው «ኦፕን ግራፍ» በተባለ አሠራር ነው፤ ዛሬ ቴሌግራምም ኤክስም (የቀድሞው ትዊተር) ይጠቀሙበታል። በወርድፕረስ እንደ ዮስት ያሉ ተጨማሪ መሣሪያዎች የሚሞሉ ክፍት ቦታዎችን ይሰጡዎታል። መግለጫውን ባዶ አይተዉት፤ ባዶ ከሆነ የጽሑፉ የመጀመሪያ መስመር ይገባበታል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሰላምታ ወይም መግቢያ ነው።

ፎቶግራፉ 1200 በ630 ፒክስል ይሁን። ክብደቱን ከ300 ኪሎባይት በታች ያውርዱት፤ አንባቢዎ በጥቅል የገዛውን ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ነውና። ምን ዓይነት ፎቶግራፍ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያማረውን ይመርጣል፤ ዓይኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ በመሶብ የተዘረጋ እንጀራ። እኔ ግን ዓይን የሌለውን፣ ልሙጡን እንጀራ አስቀድሙ እላለሁ። የተቸገረ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው የራሱን ችግር ነው። በፎቶግራፉ ላይ ጽሑፍ ካስገቡ አራት አምስት ቃል ይብቃ፤ ፊደሉም ወፍራምና ግልጽ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ በነጻ የሚገኝ፣ በትንሽ ስልክም ላይ በደንብ የሚነበብ ነው።

ሲጨርሱ ሊንኩን በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩትና በስልክዎ ይዩት። አሮጌ ፎቶግራፍ ወይም የተሳሳተ ርዕስ ይዞ ከመጣ፣ በቴሌግራም «ዌብፔጅቦት» ለተባለው ሮቦት ሊንኩን ይላኩለት፤ መረጃውን ያድሰዋል። በፌስቡክ ይህንኑ የሚሠራው «ሼሪንግ ዲበገር» የተባለው ገጽ ነው።

በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግእዝ የተጻፈ ጽሑፍ ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም ወደሚያነበው የፊደል አሠራር ይለውጡት። አለበለዚያ ሌላው ሰው ስልክ ላይ የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው።

2. አንባቢውን ለይተው ይወቁ

«ለሁሉም» ብሎ የተለጠፈ ነገር ማንም ለእኔ ነው አይለውም። የእንጀራው ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት አንባቢ አለው። አንደኛዋ አዲስ አበባ ያለች፣ በሐምሌ ብርድ ሊጡ አልቦካ ያላት ወጣት ናት። ሁለተኛው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ የጤፍ ዱቄት ከሱቅ ገዝቶ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሞክር ሰው ነው። ሦስተኛዋ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር፣ በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር የምትጋግር እህት ናት። የሦስቱም ችግር የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያዋ ብርዱ፣ የሁለተኛው ዱቄቱና ምጣዱ፣ የሦስተኛዋ ጊዜው።

ስለዚህ ከአንዱ ጽሑፍ ውስጥ ለየአንዳንዳቸው የሚሆነውን አንቀጽ ያውጡና በወረቀት ላይ ይጻፉት። አሁን በእጅዎ ሦስት የተለያዩ ልጥፎች አሉ፤ ሊንኩ ግን አንድ ነው።

3. ቴሌግራም፦ ከሁሉ በፊት የሚጀምሩበት

ለአማርኛ ጽሑፍ ከቴሌግራም የተሻለ ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። በቻናል ላይ የወጣ ነገር ለተከታዩ በቀጥታ ይደርሳል፤ ረጅም ጽሑፍም ይፈቀዳል፤ ዋናው ነገር ግን ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ሲያስተላልፈው የቻናልዎ ስም አብሮት ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ልጥፉን በስልክ ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። የጽሑፍ መልእክት እስከ 4,096 ምልክት ይይዛል፤ ፎቶግራፍ ካያያዙ ግን ከሥሩ የሚጻፈው እስከ 1,024 ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ስንቱ ጥሩ ማብራሪያ መሃል ላይ ሲቆረጥ እናያለን። ረዘም ያለ ነገር ካለዎት ፎቶግራፉን ለብቻው አያያይዙ፤ ሊንኩን ብቻ ያስገቡና ከሊንኩ ጋር የሚመጣው ፎቶግራፍ ትልቅ ሆኖ ከጽሑፉ በላይ እንዲታይ ያድርጉ። ቴሌግራም ይህን ምርጫ ይሰጣል።

ልጥፉ ውስጥ ሙሉ የሆነ አንድ ጥቅም ይስጡ። ማስታወቂያው ራሱ መረጃ ካልሆነ ሰው አያስተላልፈውም። ለምሳሌ፦

«ሊጡ ሦስት ቀን ቦክቷል፤ ምጣዱም ግሏል፤ እንጀራው ግን ዓይን የለውም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አብሲቱ ላይ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በፈላ ውሃ ያብስሉት፤ እያማሰሉ ገንፎ መሰል እስኪሆን ይጠብቁ። ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሰው ያዋህዱት። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ይጋግሩ። ትኩስ እያለ ከመለሱት ግን እርሾውን ይጎዳዋል። ስለ ምጣዱ ሙቀትና ስለ ዱቄቱ ዓይነት በዝርዝር የጻፍኩት እዚህ አለ።»

ይህን ያነበበች ሴት ሊንኩን ባትከፍት እንኳ አንድ ነገር ተምራለች። ለእህቷም ታስተላልፈዋለች። እህቷ ትከፍተዋለች። ሁሉንም መረጃ ደብቆ «መልሱን ሊንኩ ውስጥ ያገኙታል» ማለት ግን አንባቢን ማስመረር ነው።

በልጥፉ መጨረሻ የድረ ገጽዎን ስም በጽሑፍ ያስቀምጡ። ብዙ ሰው ከማስተላለፍ ይልቅ ቀድቶ ይለጥፋል፤ ያኔ የቻናሉ ስም ይጠፋል፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ስም ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሌላው በቴሌግራም የሚያምረው ድምፅ ነው። ጽሑፍዎን አምስት ስድስት ደቂቃ በሚሆን የድምፅ መልእክት አንብበው ከልጥፉ ሥር ይላኩት። እጃቸው ከሥራ የማይፈታ፣ ቁጭ ብለው ለማንበብ ጊዜ የሌላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ ልብስ እየተኮሱ ወይም ታክሲ ውስጥ ሆነው ያዳምጣሉ። ማንበብ ለሚከብዳቸው እናቶችም ይደርሳል። ይህን የሚያደርጉ ጸሐፊዎች ጥቂት ናቸው፤ ቢበዙ እወዳለሁ።

4. ፌስቡክ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች

ፌስቡክ ከረዘመ ልጥፍ ላይ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ነው፤ የቀረውን ለማየት መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ «ውድ የዚህ ገጽ ተከታታዮች እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው ሰላምታ፣ ጨዋነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ውድ ቦታ ይይዝብዎታል። በችግሩ ይጀምሩ፦ «ሊጡ ቦክቷል፤ እንጀራው ግን ዓይን የለውም።»

ሊንኩን ልጥፉ ውስጥ ላድርገው ወይስ አስተያየት መስጫው ላይ? ፌስቡክ ሰው ከእሱ ዘንድ እንዳይወጣበት ስለሚፈልግ ሊንክ ያለበት ልጥፍ ለጥቂት ሰው ይታያል የሚል ልምድ ያላቸው ብዙዎች ሊንኩን በመጀመሪያው አስተያየት ላይ ያስቀምጣሉ። ጉዳቱ አለው፤ ልጥፉ ሲጋራ አስተያየቱ አብሮ አይሄድም። እኔ የምመክረው ጽሑፉ እዚያው ተነቦ የሚጠቅም ከሆነ ሊንኩን አስተያየት ላይ፣ የግድ መከፈት ካለበት ደግሞ ልጥፉ ውስጥ ማድረግን ነው። ሁለቱንም ለአንድ ወር እያፈራረቁ ሞክረው የራስዎን ቁጥር ይመልከቱ።

ከገጽዎ ይልቅ አንባቢ የሚያገኙት ግን ግሩፖች ውስጥ ነው። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን ግሩፖች፣ የምግብ አሠራር ግሩፖች፣ የሙያ ማኅበራት ግሩፖች አሉ። ገብቶ ሊንክ ጥሎ መውጣት ያስባርራል፤ ተገቢም ነው። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት የሌሎችን ጥያቄ ይመልሱ። ከዚያ ለአስተዳዳሪው በግል ይጻፉለት፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በግሩፑ ውስጥ ስለ ሊጥና ስለ እንጀራ ብዙ ጥያቄ ሲነሳ አይቻለሁ። በዚህ ላይ የጻፍኩት ዝርዝር ጽሑፍ አለ፤ የሚሸጥ ነገር የለበትም። ቢፈቅዱልኝ ዋናውን ነጥብ በግሩፑ ውስጥ ጽፌ ሊንኩን ከሥሩ ላስቀምጥ? ካልሆነም አስቀድሜ አመሰግናለሁ።»

እንዲህ በአክብሮት የተጠየቀ አስተዳዳሪ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳል። አንዳንዱም ልጥፉን ከላይ ይሰካልዎታል።

«አሜን ብለው ያጋሩ»፣ «ሳያጋሩ እንዳያልፉ»፣ «ጉድ ተሰማ» የሚሉትን ፈጽሞ አይጠቀሙ። የሰውን እምነትና ፍርሃት መጫወቻ ማድረግ ነውር ነው፤ በዚህ መንገድ የመጣ ተከታይም አያነብም። ጽሑፍዎ ወቅታዊ ጉዳይ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ርዕሱን ከይዘቱ በላይ ማጋነን በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ የተፈጸመን ጥፋት ከበድ አድርጎ ይቀጣል።

5. ኤክስና ቲክቶክ

በኤክስ ላይ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። መደበኛው የልጥፍ ርዝመት ገደብ 280 ምልክት ነው ይባላል፤ የግእዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ በአማርኛ ያለዎት ቦታ 140 ፊደል ገደማ ነው። ሊንክ ምንም ያህል ቢረዝም 23 ምልክት ይወስዳል። ሲቀናነስ ከ120 እስከ 130 ፊደል ይቀርዎታል፤ አንድ ጠንካራ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱኑ ይጻፉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈን ልጥፍ ተርጉሞ ለማስገባት መሞከር አያዋጣም።

ቲክቶክ ላይ ሊንክ ከቪዲዮው ጋር አይሄድምና አንባቢ ሳይሆን ስም የሚያተርፉበት ቦታ አድርገው ይዩት። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲዘረጋና ዓይን ሲያወጣ የሚያሳይ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ፣ በመጨረሻው የቴሌግራም ቻናልዎ ስም፤ በቂ ነው።

ስለ ሃሽታግና ስለ ፍለጋ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስላሉ «ዓይን»፣ «ዐይን» እና «አይን» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በአንዱ የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። ርዕሱን እርስዎ በሚያምኑበት አጻጻፍ ይጻፉ፤ በጽሑፉ ውስጥ ወይም በሃሽታጉ ላይ ግን ሰው አዘውትሮ የሚጽፈውን ሌላውን መልክ አንድ ጊዜ ያስገቡ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች በላቲን ፊደል ስለሚፈልጉ በመግለጫው ላይ ዋናውን ቃል በላቲንም ይጻፉት።

6. ሰዓቱ

አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እራት ተበልቶ ስልክ የሚነካበት ጊዜ ነው። ሪያድም ሰዓቱ ያው ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን ግን በበጋቸው ገና ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 6 ሰዓት ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። የዋሽንግተኑን አንባቢ በራሱ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ማግኘት ከፈለጉ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 10 ሰዓት ላይ መለጠፍ አለበት።

ለዚህ እንቅልፍ አያጡም። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርገው ሲይዙ ቀንና ሰዓት ወስኖ መላክ የሚል ምርጫ ይመጣል፤ ድምፅ ሳያሰማ እንዲደርስም ማድረግ ይቻላል፤ በሌሊት ለሚተኙት ተከታዮችዎ ይህን ያስቡላቸው። ፌስቡክም ለገጾች ቀጠሮ ይቀበላል። መሣሪያዎቹ የሚያውቁት የፈረንጁን ሰዓት ስለሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ 3:00 ተብሎ ይሞላል፤ የሌሊቱ ቀኑም የማግስቱ ነው።

7. ከለጠፉ በኋላ ያለው ሰዓት

ለጥፎ መጥፋት ልማድ ሆኗል። የመጀመሪያውን ሰዓት እዚያው ይቆዩ። «የገብስ ዱቄት ብቀላቅልስ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ሙሉ መልስ ይስጡት፤ በስሙ ጠርተው፣ እንደ ዕድሜው አክብረው። ጥያቄና መልስ ያለበት ልጥፍ ለሌሎችም ይታያል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚቀጥለው ጽሑፍዎ ርዕስ የሚወለደው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተደገመ ጽሑፉ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወደ ድረ ገጽዎ ተመልሰው ያስገቡት።

ተከታይ አይግዙ። የተገዛ ተከታይ አያነብም፤ ቁጥሩም እውነተኛ አንባቢዎ ስንት እንደሆነ እንዳያውቁ ይጋርድብዎታል።

8. ደግመው ያውጡት

ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተለጥፎ የሚያልቅ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ያላየው ከሚያየው ይበዛል። የእንጀራው ጽሑፍ በዓመት ሁለት ወቅት አለው፦ በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ሲበርድ፣ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ዋሽንግተን በረዶ ሲሆንና ሊጡ ወጥ ቤት ውስጥ አልቦካ ሲል። ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንትም ፈላጊው ይበዛል። ለየአንዳንዱ ጽሑፍዎ እንዲህ ዓይነት ወቅቶችን በማስታወሻ ይያዙ።

ሲደግሙት ያንኑ ልጥፍ አይቅዱ። አንድ ጊዜ በአብሲቱ፣ ሌላ ጊዜ በምጣዱ፣ ሌላ ጊዜ አንባቢ በጠየቀው ጥያቄ ይጀምሩ። ከማውጣትዎ በፊት ጽሑፉን ራሱን ያድሱት።

9. መለኪያውና የራስዎ በር

የቴሌግራም ልጥፍ ከሥሩ ባለው የዓይን ምልክት ስንት ጊዜ እንደታየ ያሳያል፤ ወደ ሌላ ቦታ ተላልፎ የታየውም ይደመራል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ስንቱ ድረ ገጽዎ ድረስ መጣ የሚለው ነው። ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክና ለኤክስ በሚለጥፉት ሊንክ መጨረሻ ላይ የየራሳቸውን መለያ ይጨምሩ፤ ዩቲኤም ይባላል፤ የድረ ገጽ ጎብኚ መቁጠሪያ የሆነው ጉግል አናሊቲክስም አንባቢው ከየት እንደመጣ ለይቶ ይነግርዎታል። በወር አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። በየቀኑ ቁጥር የሚያይ ሰው መጻፍ ያቆማል።

የመጨረሻው ሥራ በሌሎች ቤት ያገኙትን አንባቢ ወደ ራስዎ ማምጣት ነው። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ ነገሩ ለአምስት ወራት ያህል ቆይቷል። አንባቢው ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ብቻ የሆነ ጸሐፊ እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ መሃል፣ አንባቢው አንድ ነገር ካገኘበት አንቀጽ ቀጥሎ፣ ኢሜይል የሚሞላበት ትንሽ ሳጥን ያስቀምጡ። «ለዜና መጽሔታችን ይመዝገቡ» ከማለት «በየወሩ አንድ የወጥ ቤት ጽሑፍ እንልክልዎታለን» ይበሉ፤ ምን እንደሚደርሰው ይወቅ። ኢሜይል የማይጠቀሙ ብዙ ስለሆኑ ከሥሩ የቴሌግራም ቻናልዎንም ያኑሩ። ሰው በተመዘገበ ቀን የመጀመሪያውን መልእክት ይላኩለት፤ ከጻፏቸው ሁሉ ይበልጥ የተነበበውን አንድ ጽሑፍና «በወጥ ቤትዎ ያስቸገረዎት ነገር ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑርበት።